ባቡር የጎተቱት ፍልፈሎች

(አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ስቴት፣ ሴንት ፖል ከተማ በተካሄደ የተማሪዎችና የቤተሰብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ ነው የተጻፈው።)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከፊት የተደረደራችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ?

በዚህ ብርድ በረዶ ጠርጋችሁ፣ ልጅ ጠቅልላችሁ፣ ድስት ተሸክማችሁ መጥታችኋል። አክብራችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ ስለ ትምህርት እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ስለ ትምህርት ዛሬ ብዙ ተብሏል። እኔ ስለ አንድ እንስሳ ልንገራችሁ። እስቲ ልጆቻችንን ተመልከቷቸው። ይቺ ልጅ ሹራቧ ላይ ምን አለ? ያ ልጅ ኮፍያው ላይስ? ወይን ጠጅና ወርቃማ ቀለም። ሁለት ትልልቅ ጥርሶች። የሚስቅ ፊት። ጎልዲ ጎፈር ነው፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ምልክት። መኪናችን ላይ ለጥፈነዋል። ቡና የምንጠጣበት ኩባያ ላይ አለ። ግን ከየት መጣ? ማን አመጣው? ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

እኔን ያስጠየቀችኝ እናቴ ናት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ልጄ ለአያቷ ኮፍያ ገዝታ አመጣች፤ ወፍራም፣ ጆሮ የሚሸፍን፣ ግንባሩ ላይ ጎፈር ያለበት። እናቴ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አለች።

«ጎፈር ነው፣ እማማ።»

«ጎፈር ምንድን ነው?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔም «እማዬ፣ ፍልፈል በይው» አልኳት።

እናቴ ጎጃም፣ ገበሬ ቤት ነው ያደገችው። ኮፍያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ፍልፈል? የአባቴን ገብስ ሥር ሥሩን የጨረሰ ፍልፈል?» አለች። ቀጥላም «ሰው እንዴት ልጁን ለትምህርት ልኮ ፍልፈል ያስብለዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ኮፍያውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መልስ አልነበረኝም። የእናቴ ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ነው ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ጎፈር ምን ዓይነት እንስሳ ነው? ሁለተኛ፣ እንዴት የዚህ ስቴት መጠሪያ ሆነ? ሦስተኛ፣ ከስቴቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዴት ገባ? ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንደኛው አጭር ነው። ጎፈር አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ጉንጩ ላይ እንደ ኪስ ያለ ከረጢት ያለው እንስሳ ነው። ሥር ይበላል። ከሥር ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ ይቆልላል። እናቴ የምታውቀው ፍልፈል የቅርብ ዘመዱ ባይሆንም ሥራቸው አንድ ነው። የሚኒሶታ ገበሬም እንደ አያቴ ነው የሚጠላው። እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ ቫዮላ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከ1874 ጀምሮ በየዓመቱ የጎፈር ቆጠራ በዓል ታከብራለች። በዓሉ ምን መሰላችሁ? ጎፈር የገደለ ሰው የፊት እግሮቹን ይዞ ይመጣል። እግሩ ይቆጠራል፤ በቁጥሩ ልክ ገንዘብ ይከፈለዋል። እንግዲህ ልብ በሉ። ስቴቱ በስሙ ይጠራል፣ ገበሬው ደግሞ እግሩን ቆርጦ ይሸጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሁን የማነሳላችሁ ሥዕል ላይ ያለው እንስሳ ጀርባው ባለ መስመር ነው። ባለ መስመሩ ደግሞ እውነተኛው ጎፈር አይደለም። ባለ 13 መስመር የሚባል የመሬት ስኩዊረል ነው። የድሮ ሰፋሪዎች ሁለቱንም ጎፈር ይሉ ነበር። ይሄኛው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል። ክረምቱ ሲመጣ ጉድጓዱ ገብቶ ስድስት ወር ያህል ይተኛል። የሚኒሶታን ጥር በእግሩ ያየ ሰው ይሄን እንስሳ አይፈርድበትም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

ሚኒሶታ ስቴት የሆነችው ግንቦት 1858 ነው። ከዚያ በፊት ቴሪቶሪ፣ ማለት ገና ስቴት ያልሆነች ግዛት ነበረች። አዲስ አገር ሲመሠረት ቅጽል ስም ይፈለጋል። ገና ከመጀመሪያው ክርክር ነበር። አንዳንዱ «የቢቨር ስቴት እንባል» አለ። ቢቨር ውኃ የሚገድብ፣ ግንድ የሚቆርጥ፣ ታታሪ እንስሳ ነው፤ ለስም ያምራል። ሌላው «ጎፈር ይሁን፣ በየሜዳው ያለው እሱ ነው» አለ። «ትንሽ ነው፣ እህል አጥፊ ነው፣ ክብር የለውም» ተብሎ ተመለሰለት። የእናቴ ክርክር ማለት ነው። ክርክሩ ሳያልቅ አንድ ሥዕል መጣ።

ሥዕሉ እንዲገባችሁ ስለ ባቡር ልንገራችሁ። በ1858 ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ማይል የባቡር ሐዲድ አልነበረም። ወንዙ ክረምት ላይ በበረዶ ሲዘጋ መርከብ ይቆማል። ሰው ሁሉ «ባቡር! ባቡር!» ይላል። ባቡር ኩባንያዎቹ ግን ገንዘብ የላቸውም። ዓመት ሳይሞላ በ1857 ትልቅ የገንዘብ ቀውስ አልፎ ነበር። ስለዚህ ለምክር ቤቱ አንድ ሐሳብ ቀረበ። ስቴቱ በራሱ ስም 5 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አውጥቶ ለኩባንያዎቹ ያበድር ተባለ። አምስት ሚሊዮን! በዚያን ዘመን! ገና ባልቆመ አገር!

ብዙው ሕዝብ ደስ አለው። ጥቂቶች ግን ፈሩ። «ይሄ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም» አሉ። ከእነዚህ ወገን ሮበርት ስዊኒ የተባለ የሴንት ፖል ሰው ካርቱን ሣለ። ሥዕሉ ላይ የባቡር ፉርጎ አለ። ፉርጎውን የሚጎትተው ሞተር አይደለም፤ ጎፈሮች ናቸው። ጀርባቸው ባለ መስመር ነው። ጭንቅላታቸው ግን የሰው ነው። ጭንቅላታቸው ላይ ረጃጅም ጥቁር ባርኔጣ አድርገዋል። የታወቁ ፖለቲከኞች ናቸው፤ ያየ ሁሉ ለይቷቸዋል። ሥዕሉ ታትሞ ተበተነ፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ስድብ ነበር። ይሄን ልብ በሉልኝ። ስድብ ነበር! «እናንተ የአገር ሥር የምትበሉ ፍልፈሎች» ማለት ነበር።

ሥዕሉ ድምፁን አስቀየረ ወይ? አላስቀየረም። ሚያዝያ 1858 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ከ25 ሺህ በላይ ሰው ደገፈ። የተቃወመው 7 ሺህ እንኳን አልሞላም። ሥዕሉ ተሸነፈ። ስሙ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቢቨር የሚያነሳ ጠፋ። ሚኒሶታ የጎፈር ስቴት ተባለች። ሕግ አላወጀውም። እስከ ዛሬም በሕግ የጸደቀ አይደለም። ሉን የምትባለው ወፍ በሕግ የስቴቱ ወፍ ናት፤ ዓሣውም ዎላይ ነው፤ ሁለቱም ተጽፎላቸዋል። ጎፈርን ግን የሰው አፍ ነው ያጸደቀው።

እዚህ ጋ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። እኔ ያደግሁት ለገሃር አካባቢ ነው። የለገሃርን አንበሳ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የቆመው፣ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ። ለግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል፣ በ1930 የቆመ ነው። ጣልያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ በሮም አደባባይ የአገሩን አንበሳ ባዕድ መሬት ላይ አይቶ ደሙ የፈላው፣ ጎራዴ የመዘዘው እዚያ ነው። በ1960ዎቹ አንበሳው ተመለሰ። እኔ ልጅ ሆኜ ከሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ አየው ነበር። ባቡርና እንስሳ ለእኔ በልጅነቴ አብረው የገቡ ነገሮች ናቸው። የስዊኒን ሥዕል መጀመሪያ ያየሁ ቀን ትዝ ያለኝ ያ አንበሳ ነው። የእኛን አንበሳ ንጉሥ ነው ያቆመው፤ ለክብር። የእነሱን ጎፈር ግን የተናደደ ሰው ነው የሣለው። እናም ጠየቅሁ። በክብር የተሰጠ ስም ይከበራል፤ ይሄ ይገባኛል። በስድብ የተሰጠ ስም እንዴት ይከበራል?

ወደ ዕዳው ልመለስ። ምን ሆነ? የፈሩት ሆነ። ኩባንያዎቹ ወደ 240 ማይል መሬት ደለደሉ። ሐዲድ ግን አልዘረጉም። አንድም ሐዲድ! ዓመት ትንሽ እንዳለፈው ወለዱን መክፈል አቃታቸው። ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቦንድ በስቴቱ ስም ወጥቶ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። «ተታልለናል፣ አንከፍልም» አለ። እንዲያውም ሕዝቡ በድምፅ ካልፈቀደ እንዳይከፈል ሕገ መንግሥቱን አሻሻሉ። የመጀመሪያው ባቡር የሄደው በ1862 ነው። ከሴንት ፖል ተነሥቶ ሴንት አንተኒ ድረስ፤ ወደ 10 ማይል። ሴንት አንተኒ ማለት ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ሰፈር ነው። የድሮው ዕዳ ግን ከ20 ዓመት በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ጆን ፒልስበሪ ይባላል። አዎ፣ የዱቄቱ ፒልስበሪ። ወደዚህ አገር ሲመጣ ግን ሴንት አንተኒ ውስጥ ሚስማርና መዶሻ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በ1857 ሱቁ ተቃጠለ። ዕቃው በብድር የመጣ ነበር። ሰውየው አልሸሸም። ዓመታት ፈጅቶ አበዳሪዎቹን ከፈለ።

ዩኒቨርሲቲውስ? ዩኒቨርሲቲው በ1851 በወረቀት ተመሠረተ፤ ስቴቱ ስቴት ከመሆኑ 7 ዓመት በፊት። አንድ ሕንፃ ሳይጨርስ ዕዳ ዋጠው። ተዘጋ። የእርስ በርስ ጦርነቱም መጣ። ግቢው ባዶ ቀረ። በ1863 ፒልስበሪን ከዩኒቨርሲቲው አስተዳዳሪዎች አንዱ አደረጉት። አበዳሪዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ አነጋገረ፤ ተደራደረ፤ ዕዳውን አቃለለ። በ1867 ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። «የዩኒቨርሲቲው አባት» የሚሉት ለዚህ ነው።

ኋላም በ1876 የስቴቱ ገዥ ሆነ። ገዥ ሆኖ ያ የባቡር ዕዳ እንቅልፍ ነሣው። በየዓመቱ ለምክር ቤቱ «ዕዳ ነው፣ ይከፈል» ይል ነበር። በየዓመቱ እምቢ ይሉታል። በየዓመቱ ይመለሳል። በ1881 ተሳካለት። ከአበዳሪዎቹ ጋር በስምምነት በዶላር 50 ሳንቲም ተከፈለ፤ ግማሹ።

አያችሁ? ስሙን ያመጣው ዕዳ ነው። ዩኒቨርሲቲውንም ሊያጠፋው የነበረው ዕዳ ነው። ሁለቱንም ለመክፈል የተነሣው አንድ ሰው ነው። ይሄን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ወደዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የሌሊት ጽዳት እሠራ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ከሥራ ስወጣ በአንድ የነሐስ ሐውልት አጠገብ አልፋለሁ። ረዥም ኮት የለበሰ ሰውዬ ነው። ክረምት ላይ ትከሻው በረዶ ተሸክሞ ይቆማል። ስንት ሌሊት አለፍኩት! እጄ ላይ የሳሙናው ሽታ ሳይለቅ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ። አገር ቤት የተበደርኩት የአውሮፕላን ቲኬት ዕዳ አለብኝ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እልካለሁ። ሐውልቱ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለካ ፒልስበሪ ነው። በ1900 ያቆሙለት፣ ዋሽንግተን ያለውን የሊንከን ሐውልት በኋላ የሠራው ዳንኤል ቼስተር ፍሬንች የቀረፀው። ባለዕዳው በዕዳ ከፋዩ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ነበር።

ሦስተኛውን ቶሎ ልበል፤ የምግቡ ሽታ እየመጣ ነው።

ጎፈር ከስቴቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው በአዋጅ አልገባም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎች የዓመት መጽሔታቸውን «ጎፈር» ብለው ሰየሙት። የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው የተሰደቡበትን ስም ወስደው ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት። እስቲ አስቡት። ቢቨርን መምረጥ ይችሉ ነበር። ሰሜን ኮከብን መምረጥ ይችሉ ነበር፤ የስቴቱ መሪ ቃል ነው። እነሱ የተሰደቡበትን መረጡ። ከዚያ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑም ጎፈሮች ተባለ።

«ወርቃማ» የሚለው በ1930ዎቹ ነው የተጨመረው። በርኒ ቢርማን የተባለ አሠልጣኝ ቡድኑን ወርቃማ ማልያ አለበሰው። ሃልሲ ሆል የሚባል የሬዲዮ ሰው «ወርቃማዎቹ ጎፈሮች» እያለ መጥራት ጀመረ። ቡድኑም ስሙን አላሳፈረም። 1934፣ 1935፣ 1936፣ ከዚያ 1940 እና 1941 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። አምስት ጊዜ!

አሁን የምነግራችሁን ግን፣ ልጆቼ፣ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። በ1960 ይሄ ቡድን እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ኳርተርባኩ፣ ሜዳ ላይ ጨዋታውን የሚመራው ማለት ነው፣ ማን ነበር? ሳንዲ ስቲቨንስ። ጥቁር ልጅ፣ ከፔንሲልቬንያ የመጣ። በዚያን ዘመን የደቡብ ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተጫዋች አያስገቡም ነበር። ጥቁር ልጅ ኳርተርባክ ይሆናል ብሎ የሚያስብ አሠልጣኝ ጥቂት ነበር። ሚኒሶታ ግን ኳሱን ለስቲቨንስ ሰጠችው። ቦቢ ቤል ከሰሜን ካሮላይና መጣ። ካርል ኤለርም ከሰሜን ካሮላይና መጣ። በጥር 1962 ሮዝ ቦል በሚባለው ታላቅ ጨዋታ ላይ ዩሲኤልኤን፣ የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ፣ 21 ለ 3 አሸነፉ። የጨዋታው ኮከብ ስቲቨንስ ነበር። ደረታቸው ላይ የነበረው ያ የስድብ ስም ነው። ረጃጅም ባርኔጣ ካደረጉት ጎፈሮች እስከ ሳንዲ ስቲቨንስ ስንት መንገድ ነው? ስሙ አንድ ነው። የተሸከሙት ሰዎች ናቸው የቀየሩት።

ጎረቤታችን ዊስኮንሲንም እንዲሁ ናት። ባጀር የሚሉት እንስሳ ስም የመጣው ከእርሳስ ቆፋሪዎች ነው። ቤት መሥሪያ ሳይኖራቸው ክረምቱን ኮረብታ ውስጥ ቆፍረው የተጠለሉ ድሆች ነበሩ። «እንደ ባጀር ጉድጓድ የሚኖሩ» ተባሉ። ዛሬ ስቴቱም ዩኒቨርሲቲውም በዚያ ስም ይኮራሉ። ባጀር በሕግ የስቴቱ እንስሳ የሆነው ግን በ1957 ነው፤ ሕጉ እንደሌለ ያስተዋሉት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1890 ጀምሮ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ዛሬ የሚታገሉት ለመጥረቢያ ነው፤ ያሸነፈው ትልቁን መጥረቢያ ይዞ ሜዳ ይዞራል። የእኛም ብሔራዊ ቡድን ዋሊያዎቹ ይባላል አይደል? ዋሊያ ግን ከስሜን ተራራ ሌላ የትም የማይገኝ፣ የሚያምር እንስሳ ነው። ማንም በስድብ አልሰጠንም።

ጎልዲስ? በ1952 ከዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ባንድ መሪዎች አንዱ የሱፍ ልብስና ከወረቀት የተሠራ ጭንቅላት ገዛ። ከባንዱ ልጆች አንዱን አለበሰው። በቃ፣ ጎልዲ ተወለደ። ዛሬ የሚታወቀው ጭንቅላቱን እንደ እንዝርት በማሽከርከር ነው።

እናቴን ይዤ ጨዋታ ሄድኩ። ኅዳር ነበር። ሦስት ብርድ ልብስ ደርባ ተቀመጠች። ጨዋታውን አልተከታተለችም። ጎልዲን ግን ዓይኗን አልነቀለችበትም። ጭንቅላቱን ሲያሽከረክር «ኧረ በስመ አብ!» አለች። ሕፃናት እየሮጡ ሲያቅፉት አየች። የእኔ ልጅም ከተማሪዎቹ መሐል ቆማ ስትጮህ ከሩቅ አየቻት።

ስንመለስ አረንጓዴውን መስመር ባቡር ተሳፈርን። ስታዲየሙ አጠገብ ይቆማል፤ በዩኒቨርሲቲው መሐል አልፎ ሴንት ፖል ይወስዳል። መንገዱ ያ የ1862ቱ ባቡር ካገናኛቸው ሁለት ሰፈሮች መሐል ነው። እዚያ ባቡር ውስጥ ታሪኩን በሙሉ ነገርኳት። ሥዕሉን፣ ብድሩን፣ ሐዲድ ሳይዘረጋ የቀረውን 240 ማይል፣ ፒልስበሪን። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። መሐል ላይ ቦርሳዋን ከፍታ ያቺን ኮፍያ አወጣችና ጆሮዋ ድረስ አጠለቀችው። ብርዱ ይሁን ታሪኩ አልጠየቅኋትም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ግማሹን ከፈሉ አልክ?»

«አዎ እማዬ። በዶላር 50 ሳንቲም።»

በመስኮቱ የሚያልፉትን የግቢ መብራቶች እያየች ቆየች። «ቀሪው ግማሽስ?» አለችኝ።

አመሰግናለሁ። እናቶች፣ ምግቡን ባርኩልን።